የቀኝ በር መስታወት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መኪናዬን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔን የሚያውቀኝ ግን ጥቂት ነው። ጣሪያዋ ሸራ ነው። ከፊት ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ፈትተው ወደ ኋላ ሲገፉት ይታጠፍና ሙሽሮቹ ሰማይ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለት በር፣ አራት መቀመጫ፣ ቀለሟ ወተት የመሰለ። በዚህ አገር ሁለተኛ እንደሌላት ይወራል፤ እኔም ብጤዋን አይቼ አላውቅም። ድሮ አዴት ለእርሻ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው ያመጣት። የእሱ ሾፌር ነበርኩ፤ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ለእኔ ትቷት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሙሽራ ማመላለስ ሆነ። ጥርና ሚያዝያ በመጡ ቁጥር ከጂጋ እስከ ቡሬ የሰው ሠርግ ላይ ነኝ። ይህን የሚሰማ ሁሉ «አንተማ ታድለህ፣ ዘላለም ደስታ ቤት!» ይለኛል፤ እኔም በሆዴ እሳደባለሁ። የሙሽራ ሾፌር የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው። ደስታው ከኋላው ነው፤ ዞሮ ልይ ካለ ገደል ይገባል። እልልታው፣ ጭፈራው፣ ሽቶው ሁሉ በማጅራቴ በኩል ያልፋል። ስንት ሠርግ ላይ ተገኝቻለሁ፣ አንዱም ላይ ተጠርቼ አላውቅም። ምሳ ሲደርስ አንዱ ከድንኳኑ ብቅ ይልና «ሾፌሩ በልቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «በልቷል» የሚል አይታጣም።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ይህ ሁሉ አይከብደኝም ነበር። ስገባ ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች፣ አማቲቱ ምን ፊት እንደነበራት ትጠይቀኛለች። እኔ ምኑን አይቼው! እየፈጠርኩ እነግራት ነበር። እንደምፈጥር ታውቃለች፤ ቢሆንም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች። ልጅ አልሰጠንም። እሷ ካረፈች በኋላ የሚጠይቀኝ ስለጠፋ መፍጠሩም ቀረ፤ እገባለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እተኛለሁ።

ከአጥሬ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትነግዳለች። አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ጀምሮ ግቢዬ እየገባች መኪናዋ ውስጥ ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ሳጥብ እሷ ውስጥ ሆና «ወደ ቡሬ ንዳት!» ትለኛለች። ያቺ ልጅ አድጋ፣ ተምራ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ለቡሬ ልጅ ልትዳር ሆነ። መኪናዋም ለዚያ ቀን ተይዛ ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ልጅቱ ብቻዋን መጣች። ስለ መኪናዋ ልታነጋግረኝ መስሎኝ «አበባውን እናንተ ናችሁ የምታመጡት ወይስ እኔ?» አልኳት።

«ስለ መኪናው አይደለም፣ ጋሼ» አለች። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። «የዚያን ቀን ከእናቴ ጎን ይቀመጡልኝ። ጉልበቱን የምስመው አባት የለኝም።»

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ወላጆቿ ጎን ለጎን ይቀመጡላታል። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች፤ አባት ይመርቃታል፤ ከዚያ ወዲያ ነው እግሯ ከደጁ የሚወጣው። ሳይመረቁ መውጣት እንደ ኩብለላ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ከመኪናዬ ሆኜ በበሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ራሴን አስቤው ግን አላውቅም።

«የአባትሽ ወንድም ፈረስ ቤት አለ አይደል?» አልኳት።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ በራችንን ረግጦ አያውቅም። በስልክ እንኳ እንዴት ናችሁ ብሎን አያውቅም። እርስዎ ግን እዚሁ ነዎት።»

«መኪናዋንስ ማን ይነዳታል?» አልኩ። እምቢ ማለቴ አልነበረም። ድምፄ ሊከዳኝ ስለነበር ሌላ ነገር መናገር ነበረብኝ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ «እሱን እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ሳቀችና ሄደች።

ሾፌር አላጣሁም፤ በጥንቃቄ የሚነዳ አንድ የማውቀው ሰው ለዚያ ቀን እሺ አለኝ። የከበደኝ ምርቃቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ቃሉ ከአፋቸው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ እኔ በሕይወቴ ማንንም መርቄ አላውቅም። ስለዚህ ጧት ጧት መኪናዋን እያጠብኩ ተለማመድኩ። «የአብርሃምና የሣራ አምላክ ቤትሽን ቤት ያድርግልሽ። የወጣሽበት ደጅ አይዘጋብሽ፣ የገባሽበት ደጅ አይጥበብሽ። የወለድሽው ይባረክ፤ ያገባሽው ይክበር። እኔ ያላየሁትን ዓይንሽ ይይ።» ይህቺን የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም፤ ከራሴ ናት። ሱፌን አስተኮስኩ። ያ ሱፍ ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ለብሼው አላውቅም ነበር፤ ወገቡ ሰፍቶኛል።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ገና ጧት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ የመኪናዋ የቀኝ በር መስታወት መሬት ላይ ፈስሶ አየሁት። ጤፍ የተደፋ ነው የሚመስለው። አጥሩ በአንድ ጎን ተነቅሏል። ቴፑ የለም፣ ክሪኩ የለም፣ የሙሽራ ሪባንና የፕላስቲክ አበባ የማስቀምጥበት ከረጢት የለም። ክሪኩስ ይሁን፤ ሌባ በፕላስቲክ አበባ ምን ሊያደርግ ነው? መጀመሪያ ያናደደኝ አበባው ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ አሳቀኝ። ሸራውን በምላጭ ቢሰነጥቀው ድመት እንኳ አትሰማውም ነበር። እሱ ግን ከጨርቁ ሥር ብረት ያለ መስሎት በድንጋይ መስታወቱን ደበደበ። የሌባ ደግ ባይኖርም የማያውቅ ሌባ ይሻላል። ሸራው ቢቀደድ ኖሮ በዚህ አገር የሚሰፋልኝ አላገኝም ነበር።

በሕማማት ሰላምታ የለም፤ አይጨባበጡም፣ አይሳሳሙም። እኔ ልዩነቱ ብዙም አልታወቀኝም። ዕቃው የተሰረቀበትን ሰው ግን ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ይተካልህ» ማለት ወግ ነውና እስከ ቀትር ድረስ ሰው ግቢዬ ገባ፣ ወጣ። በውነቱ ደስ አለኝ። ያን ያህል ሰው ግቢዬን የረገጠው ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ነበር። ነገር ግን ሁሉም መጥቶ የመስታወቱን ቀዳዳ አይቶ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ «እንግዲህ የእኛ ቀን እንዴት ሊሆን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የልጁ ሠርግ፣ ሌላው የወንድሙ። «መኪናዋስ እንዴት አደረች?» ያለኝ ብዙ ነው፤ «እንዴት አደሩ?» ያለኝ የለም። ቀትር ላይ ልጅቱ እየሮጠች መጣች። መኪናዋን አላየቻትም። «ደህና ነዎት ወይ? ቤት ውስጥ ነበሩ? ምንም አላደረጉዎትም?» አለችኝ። በሕማማት አይጨበጥም እንጂ እጇን ይዤ ባመሰገንኳት ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ በልቤ ማልኩ። ለዳግማይ ትንሣኤ መኪናዋ መስታወቷ ሙሉ ሆኖ ትቆማለች፤ ቁልፉን ለዚያ ሾፌር እሰጣለሁ፤ እኔ ከእናቲቱ ጎን እቀመጣለሁ።

መስታወቱ ግን እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አልነበረም። የሌላ መኪና አይሆናትም። በሌላ መኪና በር ላይ መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘው ብረት አለ፤ በእሷ በር ላይ የለም። መስታወቱ ራቁቱን ወጥቶ ሸራው ላይ ነው የሚገጥመው። አንድ ጣት ካጠረ ውሃ ያስገባል፤ አንድ ጣት ከረዘመ ጣሪያው አይዘጋም። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ እንዳልል መንገዱ ዘንድሮ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው፤ ደግሞስ እዚያ መኖሩን ማን አወቀ? ጋራዥ ያሉት ሰዎች «ላስቲክ ለጥፍበት» አሉኝ። ሙሽራ በላስቲክ! ጥያቸው ወጣሁ።

በመጨረሻ አንዱ፣ ቡሬ ገበያው አጠገብ መስታወት የሚቆርጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ እንዳሉ ነገረኝ። ቅርጹን ያለ ናሙና ሊቆርጡት አይችሉም። ስለዚህ የቀኙን ለማዳን ደህናውን የግራ መስታወት ማውጣት ነበረብኝ፤ ያው ቅርጽ ነው፣ ሲገለበጥ የቀኝ ይሆናል። በካቻቪቴ የበሩን ሽፋን ከፍቼ ቀስ እያልኩ ሳወጣው ላቤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ያም ቢሰበር መኪናዋ ሁለት ዓይኗ ጠፋ ማለት ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጸሎተ ሐሙስ ጧት በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ።

ነጋዴው ሽበታም፣ ቀጭን፣ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ሱቃቸውን መልክ ማያ መስታወትና የፎቶ ፍሬም ስለሞላው የገባ ሰው ሁሉ ራሱን በየአቅጣጫው ያያል፤ እኔ አልወደድኩትም። ናሙናዬን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ በጣታቸው አንኳኩት።

«የቤት መስታወት ልቆርጥልዎ እችላለሁ» አሉ። «ነገር ግን ቢሰበር ቢላ ነው የሚሆነው። ማን ነው በዚህ በኩል የሚቀመጠው?»

«ሙሽራ።»

«እንግዲያው አይሆንም። የማን ሙሽራ ናት?»

«ልጄ ናት» አልኳቸው። ከአፌ የወጣው እንዲሁ ነው። ከወጣ በኋላም ውሸት አልመሰለኝም።

«አላህ ያሳምርላት! ምነው ቀድመው አይነግሩኝም!» ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እዚያ ከአንድ አሮጌ ጭነት መኪና የወጣ የፊት መስታወት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዝርግ ነው፤ አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ደህና ነው። ሁለት መስታወት ሆኖ በመካከሉ የተጣበቀ ስስ ላስቲክ አለው፤ ቢሰበርም አይበተንም። ውፍረቱ ከእኔው ይበልጣል። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አልኩ፤ ሳቁና መቁረጫቸውን አነሡ።

ዘዴው እንዲህ ነው። በአንዱ ፊት ይጫራል፣ ይገለበጥና በሌላውም ፊት ይጫራል፣ ከዚያ ቀጭ ተደርጎ ይሰበራል። ነገር ግን በመካከሉ ያለው ላስቲክ አይለቅም። ስንጥቁ ላይ የሚነድ ነገር አፍስሰው እሳት ይለኩሱበታል፤ ላስቲኩ ሲለሰልስ በምላጭ ይቆርጡታል። ሰውየው ጠርሙሳቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ ስፒሪታቸው አልቋል።

«ዳግም አረቄም ይሠራል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ግን ገዝቼ አልመጣም። እርስዎ ሄደው ያምጡ፤ በሱቁ በኩል ሳይሆን በጓሮ ይግቡ።»

አስቡት፤ ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ አገር ሁሉ ስግደት ላይ ነው፣ እኔ አረቄ ቤት አንኳኳለሁ። አንዲት ወፍራም ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ።

«እታለም፣ ዳግም አለሽ?»

«ዛሬ?»

«ለመስታወት ነው።»

«አዎን፣ ለመስታወት!» አለች። «አንዱ ለጥርሴ ይላል፣ አንዱ ለጉንፋን ይላል፤ ለመስታወት ያለኝ እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት። ኧረ ፋሲካ እኮ ደረሰ፤ ጥቂት ቢታገሡ ምን ነበረበት?» እንዲያም ሆኖ ቀዳችልኝ። ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ስወጣ ደጅ የቆሙ ሁለት ባልቴቶች አማተቡ። ያንን ሳስታውስ እስከ ዛሬም ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የማወራው ሰው አጥቼ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

የመጀመሪያው ቁራጭ ጥጉ ላይ ከድቶን ተሰበረ። ሰውየው ለሶላት ገብተው ተመለሱና ከደህናው ጫፍ እንደገና ጀመሩ። አረቄውን እኔ አፈስሳለሁ፣ እሳቸው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ይለኩሳሉ። ሰማያዊ እሳት በስንጥቁ ላይ ይሮጣል። ሁለተኛው በደህና ወጣ። ጠርዙን በድንጋይ አለሳልሰው ከናሙናዬ ጋር ሲያጋጥሙት ልክክ አለ። ሲሰናበቱኝ «ልጅዎን በደህና ይዳሩ» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ ያቺን ቃል ደጋግሜ አልኳት።

ሁለቱን መስታወቶች በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ፣ አቅፌ ሚኒባስ ገባሁ። ተሳፋሪው ተጨናንቋል። አንዲት ሴት አየችኝና ጎኗ ያለውን ሰው ገፋ አድርጋ «ልጅ የታቀፈ ሰው ይቀመጥ እንጂ!» አለች። ተቀመጥኩ። «ታሟል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «ተኝቷል» አልኳት። ማንኩሳ እስክንደርስ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጓዘልኝ። ከዚያ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ሁለቱ መስታወቶች ተጋጭተው ቅጭል አሉ፤ ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አፈርኩ። ቢሆንም እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ጥሩ መንገድ ነበር።

ፋሲካን ብቻዬን ፈሰክሁ። ጎረቤቴ በሰሐን ዶሮ ወጥ ሰዳልኝ በላሁ። በማግስቱ ሰኞ ራሷ መጣች። ወንበር አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። ስለ ዝናቡ አነሣች፣ ስለ በርበሬ ዋጋ አነሣች፣ ስለ ድንኳኑ አነሣች። ነገር ያላት ሰው ነገሩን ከሩቅ ነው የምትጀምረው፤ እኔም ጠበቅኩ።

«ወንድምዓለም፣ እንዲያው ምን ብዬ ልንገርዎ» አለች በመጨረሻ። «ትናንት ከፈረስ ቤት ተደወለ። አጎቷ ሊመጣ ነው። የወንድሜን ልጅ እኔ ሳልመርቃት ማን ሊመርቃት ነው ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ሴት ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ? ሥጋዋ ነው።»

«ልጅቱስ ምን አለች?»

«እሷማ አለቀሰች። ነገር ግን የባሏ ወገኖችም ሲሰሙ፣ አጎት እያለ ጎረቤት ተቀመጠ ቢባል...» አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልጋትም ነበር።

«ይምጣ እንጂ» አልኩ። «ወጉ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ።»

አህያው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ቀረች፤ እኔም አላውቅም። ፊቷ ቀላ። «መኪናዋን እርስዎ ራስዎ ቢነዱላት ልጄ ደስ ይላታል» አለች። «ሾፌር አይደለሁ፤ እነዳለሁ» አልኳት። እስከ በሩ ሸኘኋት። ከዚያ ሱፌን ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ያን ሳምንት መስታወቱን አልነካሁትም። ከብርድ ልብሱ እንኳ ሳላወጣው ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። አኩርፌ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ! ሙሽራዋ በላስቲክ ትሂድ፣ አጎቷ ይያዝላት እያልኩ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ኩርፊያ ግን ለብቻ አይሆንም፤ የሚያባብል ይፈልጋል። ሳልላጭ ስወጣ «ምን ሆንክ?» የሚል የለም፤ ሳልበላ ስውል «ብላ እንጂ» የሚል የለም። ለማን ብዬ እንደማኮርፍ ግራ ገባኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ልጅቱ በቀሚሷ ላይ ዝናብ ሲፈስባት ታየኝና ካቻቪቴዬን አነሣሁ።

የግራውን በቦታው መለስኩት፤ በደህና ገባ። የቀኙ ግን በሩ ውስጥ መስታወት ከሚወርድበት ቦይ ይወፍራል። በቦዩ ያለውን ጨርቅ ልጬ፣ ጎማውን አስፍቼ ወደ ላይ አወጣሁት እንጂ መውረዱን እምቢ አለ። አይውረድ አልኩ። ቁመቱን ከሸራው ጋር አጋጥሜ፣ የታች ጠርዙን በሩ ላይ በሲሊከን ሞልቼ፣ ዘላለም እንደተዘጋ እንዲቀር ለጠፍኩት። እርጥበት ባለበት ቀን ሲሊከን ቶሎ አይደርቅም። ሰኞ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ሳምንት ሙሉ ይደርቅ ነበር፤ እኔ ግን ሰኞ ሥራዬ ማኩረፍ ነበር።

እሑድ አካፋ። ሸራውን ዘግቼ መኪናዋን ጎረቤቴ ደጅ አቆምኳት። የሙሽራው ወገኖች በጭፈራ ገቡ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ከፈረስ ቤት የመጡት አጎት ረጅም፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው፤ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ወጣ ብለው አዩኝና «አንተ፣ ሾፌሩ፣ ወደ በሩ አስጠጋት፤ ልጃችን እንዳትረጥብ» አሉኝ። አስጠጋሁ። ከተቀመጥኩበት በበሩ በኩል የሁለቱ ወንበሮች እግር ይታያል፤ ከዚያ በላይ አይታይም። ነጭ ቀሚስ መሬት ሲነካ አየሁ። ጎንበስ አለች ማለት ነው። የአጎቷን ምርቃት አልሰማሁትም፤ ዝናቡ ሸራው ላይ ይንጣጣ ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሜን!» ሲል ግን ሰማሁ። ሦስት ጊዜ አሉ።

ከዚያ እልልታው ቀለጠ፣ ወጡ። ሚዜው የቀኙን በር ከፍቶ የፊት ወንበሩን አጠፈው፤ ሙሽራው ቀድሞ ወደ ኋላ ገባ። ሙሽራ አንዴ መኪና ከገባች ተመልሳ አትወርድም፤ ክፉ ነው ይባላል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ቆመች። አንድ እጇን የተከፈተው በር መስታወት ጫፍ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አጎነበሰች። ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ ጃንጥላ የያዙ፣ የሚያጨበጭቡ፣ የሚገፉ ሰዎች አሉ። እኔ መሪውን ይዣለሁ።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ አይደረስበትም» አለች። «ይመርቁኝ እንጂ።»

ስንት ጧት የተለማመድኩት ነው። አብርሃም ነበረ፣ ሣራ ነበረች፣ ደጁ ነበረ። አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ጣቶቿ ላይ ወደቀ፤ መስታወቱ በእጇ ክብደት ቀስ ብሎ ከሲሊከኑ ሲላቀቅ አየሁ።

«መስታወቱን አትንኪው፤ ገና አልደረቀም» አልኳት።

እጇን ቶሎ አነሣች። ሚዜው ሳቀ፣ ሙሽራውም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ እንዴት እንደሳቀች ግን ዞሬ አላየሁም። ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ከኋላ ጡሩምባ ጀመሩ። ነዳሁ። እስከ ቡሬ ድረስ ከኋላዬ አልፎ አልፎ ስታወራ ይሰማኛል፤ አሁን ልመርቃት፣ አሁን ልመርቃት እላለሁ፤ ሚዜው ግን አጠገቤ ሆኖ ስልኩ ላይ ይጮኻል፣ ከፊታችን ቪዲዮ የሚቀርጹት ቁሙ፣ ሂዱ ይላሉ። ቡሬ ስንደርስ በአማቶቿ ደጅ የሚጠብቀው ሕዝብ መኪናዋን ከበባት። በሩን ሌላ ሰው ከፈተላት። ወረደች።

አልቆየሁም። መኪናዋን አዞርኩና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ መስታወቱ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይንገጫገጫል። ማንኩሳ ሳልደርስ ባሕር ዛፍ ካለበት ጥግ ይዤ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ባርኔጣዬን አወለቅኩና ምርቃቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩት። አንዲትም ቃል አልሳትኩም።

አሜን የሚል ሰው አልነበረም። እኔው አልኩት።